«የሕፃናትን ሞት መመርመር ለእኛ ቅንጦት ነው» ላሉን ጸሐፊ

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። እናንተም ሳይደርሳችሁ አይቀርም። ጸሐፊው የሚቃወሙት አንዳንድ የጤና ባለሙያዎች የሚያነሱትን ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። በከተማችንም ሆነ በዞኑ ልጅ ሲሞት ነገሩ በቀብር አያብቃ። ሐኪሙ፣ ፖሊሱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዋ አንድ ላይ ይቀመጡ። «ይህ ልጅ ለምን ሞተ? የሚቀጥለው እንዳይሞት ምን ይደረግ?» ብለው ይጠይቁ።

ጸሐፊው ስድስት ተቃውሞ አላቸው። የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ ልጆቻችን በምን እንደሚሞቱ እናውቃለን፤ ያለው አሠራር ይበቃል፤ ሐዘንተኛን መጠየቅ ነውር ነው፤ መጨረሻው ሐኪምና እናት ማሳሰር ነው፤ ሪፖርቱም መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ንዴታቸውም ይገባኛል። እኔ ግን ለዓመታት በሕፃናት ክፍል በነርስነት የሠራሁ ሰው ነኝ። ከስድስቱ አምስቱ አልተዋጡልኝም። ስድስተኛው ላይ እንደርሳለን።

«የሀብታም አገር ቅንጦት ነው»

ነገሩ ከውጭ መምጣቱን አልክድም። የልጆችን ሞት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ተሰብስበው የሚያዩበት ቡድን መጀመሪያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1978 በሎስ አንጀለስ ነው። ያኔ ልጅ ቤት ውስጥ ተደብድቦ ሲሞት ሆስፒታሉ የሚያውቀው ለብቻው፣ ፖሊስ የሚያውቀው ለብቻው ነበር። ሁለቱ ስለማይነጋገሩ ብዙ ነገር ተዳፍኖ ይቀራል። ዛሬ እንዲህ ያለ ቡድን በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች አለ። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሁሉ ሲሞት ጉዳዩ እንዲታይ በሕግ አስገድዳለች። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ደግሞ መረጃው ሁሉ አንድ አገር አቀፍ ቋት ውስጥ ይገባል።

እስቲ ግን ከሞት የተገኘ አንድ እውቀት ምን ያህል እንዳስወጣ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፈረንጅ አገር ጤነኛ ሆኖ ያደረ ጨቅላ ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ ይገኝ ነበር። ምክንያቱ አይታወቅም። ተመራማሪዎች የሞቱትን አንድ በአንድ እያነሱ፣ በሕይወት ካሉት ጋር እያነጻጸሩ ወላጆችን ጠየቁ። አንድ ነገር ተደጋግሞ ወጣ፦ ብዙዎቹ የተኙት በሆዳቸው ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1991፣ አሜሪካ በ1994 «በጀርባው አስተኙት» የሚል ዘመቻ ጀመሩ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለው ሞት በዐሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። መድኃኒት አልተገዛም። ማሽን አልተተከለም። ልጅን በጀርባው ማስተኛት ስንት ብር ነው?

«እሱ ፈረንጅ ነው» ካሉ ደግሞ ቀረብ እንበል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 በኬፕታውንና በደርባን በሚገኙ ሁለት የሬሳ ማቆያዎች የልጆችን ሞት በቡድን የማየቱን አሠራር ሞክራዋለች። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በማዘጋጃ ቤት መካነ መቃብሮች የቀብር ምዝገባ ተደራጅቶ ነበር። ቀብር ቦታው ላይ የሚቀመጥ ሰው፣ ደብተርና እስክሪብቶ ነው የጠየቀው። በዚያ ደብተር ኤችአይቪ ከተማዋን ምን እያደረጋት እንደነበር፣ መድኃኒቱ ሲመጣም ሞት እንዴት እንደቀነሰ ታየ።

ጸሐፊው ገንዘቡ ለኦክስጅን ይሁን ይላሉ። ይሁን፣ ማን ጠላ? ግን ኦክስጅኑ በየትኛው ሌሊት እንዳለቀ፣ ሲሊንደሩ ተቆልፎ ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ እንደነበረ የሚነግረን የሞተው ልጅ ካርድ ነው። ካርዱን ሳናነብ የገዛነው ኦክስጅን እንደገና ቁልፍ ቤት ውስጥ ያድራል።

«በምን እንደሚሞቱ እናውቃለን»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጸሐፊው የሳንባ ምች፣ ተቅማጥ፣ ወባ፣ የምግብ እጥረት፣ ያለ ጊዜ መወለድ ብለው ይዘረዝራሉ። ዝርዝሩ ልክ ነው። የጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይም ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ግን የበሽታ ስም ነው። ልጁ ለምን እንደሞተ አይናገርም።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ቤተሰቡ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ፤ የሆነውም በአንድ ጤና ተቋም ነው፣ የት እንደሆነ አልናገርም። ልጁ ሁለት ዓመት አልሞላውም። እናቱ ቡና ለቀማ ላይ ነበረች። ቤት ያለችው ታላቅ እህቱ ናት፣ እሷም ልጅ ናት። መብራት ሲጠፋ ለኩራዝ የሚሆን ነጭ ጋዝ ከሱቅ ተገዝቶ ነበር። ሱቅ ነጭ ጋዝ የሚቀዳው በምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ ጠረጴዛ ሥር ተቀመጠ። ልጁ ደግሞ በየቀኑ ውሃ የሚጠጣው ከሃይላንድ ነው። አንስቶ ተጎነጨ።

ጎረቤት ሮጣ መጣች። አገር የሚያውቀውን አደረገች፦ ወተት ጋተችው፣ ጉሮሮው ውስጥ ጣቷን ከታ አስታወከችው። ደግ ሴት ናት። ግን ነጭ ጋዝ የጠጣ ልጅ ማስታወክ የለበትም። ጋዙ ሲመለስ ትን ብሎት ሳንባው ውስጥ ይገባል፣ ገዳዩም ያ ነው። ከዚያ ባጃጅ ፍለጋ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር፣ ከሪፈር በኋላ ካርድ ማውጣት። እኛ ጋ ሲደርስ መሽቶ ነበር። ደረቱ ወደ ውስጥ እየተሳበ ይተነፍሳል። ሳይነጋ አረፈ።

ካርዱ ላይ የተጻፈው ምን ይመስላችኋል? «ከባድ የሳንባ ምች።» ውሸት አይደለም። ሳንባው ተቃጥሎ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ያ ልጅ ከሌሎች የሳንባ ምች ሞቶች ጋር ተደምሮ ወደ ላይ ሄደ።

አሁን ጸሐፊውን ልጠይቅ። ለሳንባ ምች የምናውቀው መድኃኒት ምንድን ነው? አሞክሳሲሊንና ክትባት ነው። ክትባቱ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአገራችን ይሰጣል፣ ብዙ ልጅም አትርፏል። ለዚህ ልጅ ግን ምንም አያደርግለትም። እሱን ያድነው የነበረው ባለሱቁ ጋዝ በውሃ ጠርሙስ እንዳይሸጥ መከልከል ነው። ወይም «ነጭ ጋዝ የጠጣ ልጅ አታስታውኩት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በኦሮምኛም በአማርኛም በሬዲዮ መለፈፍ ነው። በረኪናም እኮ በዚያው ጠርሙስ ነው የሚሸጠው። ይህ በየትኛው የግድግዳ ዝርዝር ላይ ተጽፏል?

አንድ ጠርሙስ ብቻ አይደለም። «ተቅማጥ» ተብሎ የተመዘገበ ሕፃን፣ «ወተት ጥርስ ነው» ተብሎ ድዱ ተሰንጥቆ፣ ቁስሉ አመርቅዞ የመጣ ሊሆን ይችላል። «ኢንፌክሽን» የተባለው እንጥሉ በምላጭ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። ጨቅላው ቅቤ ተደርጎለት ትን ብሎት ከሆነ እሱም ሳንባ ምች ተብሎ ይጻፋል። ክረምት ላይ፣ የጅማ ዝናብ ሳያባራ ሲሰነብት፣ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል አያይዞ መተኛት አለ። በከሰል ጭስ የሞተ ልጅ ካርድ ላይ ምን እንደሚጻፍ ራሳችሁ ገምቱ።

ጤና ባለሙያ ሁሉ በቃሉ የሚያውቃቸው «ሦስቱ መዘግየቶች» አሉ። ለመሄድ መወሰን ላይ መዘግየት፣ መንገድ ላይ መዘግየት፣ ደርሶ ሕክምና ማግኘት ላይ መዘግየት። ከትምህርት ቤት ጀምሮ እንሸመድዳቸዋለን። የሞተው ልጅ በየትኛው እንደዘገየ ግን ካርዱ ላይ መጻፊያ ቦታ የለም። ከዴዶ ወይም ከኦሞ ናዳ ገጠር የመጣ ልጅና ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ የመጣ ልጅ እኩል «ሳንባ ምች» ናቸው።

ደግሞ የሚገድለውም ይቀያየራል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥሩ 67 ደረሰ። ይህ ትልቅ ድል ነው፣ የኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ላብ አለበት። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን የወረዱት ከ49 ወደ 29 ነው። አስሉት። ድሮ ከአምስት ዓመት በታች ከሞቱ ዐሥር ልጆች ሦስቱ ወር ያልሞላቸው ነበሩ። በ2016 ከአራት በላይ ሆኑ። በ2000 «እናውቃለን» ብሎ ያረፈ ሰው በ2016 የሚያውቀው ያለፈውን ነው።

«ያለው አሠራር ይበቃል»

ይህ በከፊል እውነት ስላለው በአግባቡ እንየው። የእናቶች ሞት ክትትልና ምላሽ የሚባለው አሠራር ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። እናት በእርግዝና ወይም በወሊድ ምክንያት ስትሞት ሪፖርት ይደረጋል፣ ጉዳዩም በኮሚቴ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወሊድ ዙሪያ የሚሞቱ ጨቅላዎችም ተጨመሩ። ጥሩ አሠራር ነው።

ጨቅላው ካደገ በኋላስ? ዳዴ ማለት፣ ከዚያም መሮጥ ሲጀምር ከዚህ መዝገብ ይወጣል። ብዙው አደጋ የሚጀምረው ግን ያን ጊዜ ነው። ፍም ላይ የወደቀው፣ ለቤት መሠረት ተቆፍሮ ውሃ ባቆረ ጉድጓድ ውስጥ የሰመጠው፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ባጃጅ የገጨው፣ እነዚህ ልጆች በየትኛው ኮሚቴ ይታያሉ? ትራፊክ ፖሊስ የራሱን ይይዛል፣ ሆስፒታል የራሱን ይይዛል። የጉድጓዱ ባለቤት ግንቡን ይቀጥላል። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ1978 የነበረችው እዚህ ላይ ነው።

ወሳኝ ኩነት ምዝገባንም ጠቅሰዋል። አዋጁ፣ 760/2004፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ሥራውም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀምሯል። ግን እስቲ እንነጋገር፣ ሰው ቀበሌ ሄዶ የሞት ወረቀት የሚያወጣው ለምንድን ነው? ለውርስ፣ ለባንክ ደብተር፣ ለጡረታ ነው። ሕፃን ውርስ የለውም። ብዙ ቦታ ለጨቅላ ድንኳንም አይጣልም፣ በጥቂት ሰው ተሸኝቶ ያልቃል። ወረቀቱን ማን ያወጣለታል?

«ሐዘንተኛን መጠየቅ ነውር ነው»

ለቅሶ ቤት ቅጽ ይዞ መግባት ነውር ነው፣ እስማማለሁ። ማንም ግን እንዲህ ይደረግ አላለም። ጸሐፊው «ሬሳ ይቆረጣል» ብለው ሰውን ያስፈሩበት አንቀጽ ደግሞ ተገቢ አይመስለኝም። አብዛኛው ሥራ ንግግር ነው። የሐዘኑ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ እንደየቦታው ሳምንታት ቆይቶ፣ የሠለጠነ ሰው ቤት ሄዶ እናትን ወይም ያስታመመውን ሰው ይጠይቃል። ትኩሳት ነበረው? ትንፋሹ ይፈጥን ነበር? መጀመሪያ ማን ጋ ወሰዳችሁት? ስንት ሰዓት ፈጀ? ባለሙያዎች «የቃል አስከሬን ምርመራ» ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው መጠይቅም አለው።

የሚገርመው ይህ ለጅማ አዲስ አለመሆኑ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ የመስክ ምርምር ማዕከል አለው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሶኮሩ፣ በኦሞ ናዳ፣ በጢሮ አፈታና በቀርሳ ወረዳዎች ቤት ለቤት ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ በምን ሞተ ብሎ ይጠይቃል። የገዛ ሕዝባችን ሲመልስ ኖሯል። «ባህላችን አይፈቅድም» የሚለውን እነሱ ጋ ሄዶ መጠየቅ ይቻል ነበር።

ከዚያም የጠለቀ ሥራ በሐረርና በቀርሳ ተሠርቷል። (የሐረርጌዋ ቀርሳ ናት፣ ከእኛዋ የጅማ ቀርሳ ጋር እንዳታምታቷት።) እዚያ ወላጅ ሲፈቅድ ብቻ ከሕፃኑ ሰውነት በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። የሚፈቅዱ ወላጆች ተገኝተዋል። ከታዩት ነገሮች አንዱ የሕፃናት የጀርባ አጥንትና የራስ ቅል ሳይገጥም የመወለድ ችግር ነው። ከዚህ ብዙውን ፎሊክ አሲድ ይከላከለዋል። ፎሊክ አሲድ ዱቄት ውስጥ የሚጨመር ቫይታሚን ነው።

እንደ ነርስ ያየሁትን ልጨምር። ልጅ የሞተባት እናት ጥያቄ አትጠላም። የምትጠላው ማንም ሳይጠይቃት «በቃ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» መባሉን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ራሷን ስትጠይቅ ያደረች ናት። ተቀምጦ የሚሰማት፣ ወዲያውም መልሱን የሚያስረዳት ሰው ስታገኝ ምን ያህል እንደምትናገር አይቻለሁ። ቃለ መጠይቁ በራሷ ቋንቋ ይሁን እንጂ፣ እዚህ አብዛኛውን ጊዜ በኦሮምኛ።

ጸሐፊው የፈጣሪን ነገርም አንስተዋል። ቀን የቆረጠ ፈጣሪ ነው፣ አምናለሁ። ጠርሙሱን ጠረጴዛ ሥር ያስቀመጠው ግን ሰው ነው።

«መጨረሻው ሐኪምና እናት ማሳሰር ነው»

ይህ ፍርሃት መሠረት አለው። ሐኪም «እጠየቃለሁ» ብሎ ከፈራ ካርዱ ላይ እውነቱን አይጽፍም። ካርዱ ባዶ ከሆነ ኮሚቴው የሚያነበው የለውም። ለዚህ ነው በእናቶች ሞት አሠራር ውስጥ ስም የማይጠራው፣ ጥፋተኛም የማይፈለገው። እንግሊዝ ያለው የምርመራ ቡድንም ሥራው ጥፋተኛ መለየት አይደለም።

የአሜሪካኖቹን ግን እንዳለ መቅዳት አልወድም። እዚያ ብዙ ቦታ ዐቃቤ ሕግም የቡድኑ አባል ነው። የተነሳው ከሕፃናት መደብደብ ስለሆነ ለእነሱ ያስኬዳቸው ይሆናል። እዚህ ዐቃቤ ሕግ ፊት ለፊት ተቀምጦ ተረኛ ነርስ «አዎ፣ ያን ሌሊት ብቻዬን ነበርኩ፣ ልጁን ሳላየው ሰዓት አለፈ» ብላ አትናገርም። እኔም አልናገርም ነበር። ወንጀል ከተጠረጠረ ፖሊስ በራሱ መንገድ ይሂድ፣ የሚከለክለው የለም። ኮሚቴው ውስጥ የተነገረው ግን እዚያው ይቅር፣ ይህም በመመሪያ ይጻፍ። ቅጹ ላይ የእናትም የባለሙያም ስም አይኑር።

እናቶችን በተመለከተ ደግሞ ልጠይቅ። ዛሬ ምርመራ ስለሌለ ወቀሳ ቀርቷል? ያቺን የቡና ለቃሚ ሴት ማን ያልወቀሳት አለ? ባሏ፣ አማቷ፣ ጎረቤቱ። እውነቱን ለመናገር እኛም ክፍሉ ውስጥ «የት ሄደሽ ነው?» ያላት አልጠፋም። ባለሱቁን ግን ማንም አልጠየቀውም። በማግስቱም እዚያው ቆጣሪ ላይ በሃይላንድ ጋዝ ሸጧል። መጠየቅ ከተጀመረ ጣት የሚቀሰረው ከእናትየው ላይ ይነሳል ብዬ ነው የማምነው።

«ሪፖርቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም።

ስንት ኮሚቴ አይተናል። ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታል። መጨረሻ ላይ «የመፍትሔ ሐሳብ» የሚል ርዕስ አለ። ሥሩ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ መፍጠር።» ማን ይፍጠር? መቼ? በምን? አይታወቅም። በእናቶች ሞት አሠራርም ቢሆን ሪፖርት የሚደረገው ይሞታሉ ተብሎ ከሚገመቱት እናቶች ጥቂቱ ብቻ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው «ሌላ ኮሚቴ» ሲሉ የሚታያቸው ነገር ለእኔም ይታየኛል።

ልዩነታችን ከዚያ በኋላ ነው። እሳቸው ይቅር ይላሉ። እኔ ደግሞ ትንሽ ሆኖ ይጀመር እላለሁ።

በዞኑ የሞተን ልጅ ሁሉ ልመርምር ያለ ኮሚቴ በሦስት ወሩ ይሞታል። በከተማዋ ብቻ ይጀመር። ሁሉም ሞት ሳይሆን ድንገተኛው ይታይ፦ መስጠም፣ ቃጠሎ፣ መመረዝ፣ የመኪና አደጋ፣ ሆስፒታል ደርሶ በ24 ሰዓት ውስጥ ያረፈ። እነዚህ ጥቂት ናቸው። መልሳቸውም ብዙውን ጊዜ እጃችን ላይ ነው። በጤና ተቋም ውስጥ ላሉት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ አለ፣ ከዜሮ መነሳት አያስፈልግም። ጠዋት ጠዋት ሐኪሞቹ «ሞርኒንግ» በሚሉት ስብሰባ ላይ የሞት ጉዳይ ይነሳል እኮ። ችግሩ እዚያው በሐኪሞች መሐል ተነስቶ እዚያው መቅረቱ ነው። ሐኪም ጉድጓድ አያስደፍንም።

ስለዚህ የሚያስደፍነው ሰው ይኑርበት። ከማዘጋጃ ቤት የግንባታ ቁጥጥር የሚመጣ ሰው፣ ከንግድ ጽሕፈት ቤት ሱቆችን የሚቆጣጠር ሰው፣ ትራፊክ ፖሊስ፣ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የእድር ዳኞች፣ ኢማሞችና ካህናት። ሂርማታ መርካቶ ውስጥ ወይም መንደራ ቆጪ ውስጥ ልጅ ሲሞት መጀመሪያ የሚሰሙት እነሱ ናቸው፣ ከማንኛውም መሥሪያ ቤት ቀድመው።

ከአንድ ጉዳይ የሚወጣው ውሳኔም አንድ ይሁን። «ግንዛቤ መፍጠር» የሚለው ሐረግ ይከልከል፣ ቀልዴን አይደለም። ውሳኔው የሰው ስምና ቀን ይኑረው። «ከዚህ ቀን በፊት፣ ይህ ሰው፣ በዚህ ቀበሌ ያሉ ሱቆች ነጭ ጋዝና በረኪና በውሃ ጠርሙስ እንዳይሸጡ በጽሑፍ ያሳውቃል፣ ዞሮም ያያል።» የሚቀጥለው ስብሰባ የሚከፈተው በዚያ ነው፦ ተደረገ ወይስ አልተደረገም? ካልተደረገ አዲስ ጉዳይ አይታይም። የእናቶቹ አሠራር ስሙ «ክትትልና ምላሽ» ነው፤ እኛ ክትትሉ ላይ በርትተን ምላሹ ላይ ነው የደከምነው። በዓመቱ መጨረሻ ምን ተወስኖ ምን እንደተፈጸመ፣ ያለ ስም፣ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለከተማው ነዋሪ ይነገር። ጸሐፊው ያኔ ብዕራቸውን አንስተው ያልተፈጸመውን እየቆጠሩ ቢሞግቱ እኔ ከጎናቸው ነኝ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። «አበል ለመብላት የታሰበ ነው» ያሏት ነገር አለች። መልሱ ቀላል ነው። አበል አይኑረው። ሁሉም እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው ያለው፣ ከአጂፕ ፈረንጅ አራዳ ለመምጣት የውሎ አበል አይጠየቅም። በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ቡናውን እኔ አፈላለሁ። ጅማ ሆኖ ያለ ቡና ስብሰባ አይሞከርም።